የእጅ ሙያ ውርስ ለማን ነው? ስለ ቅርስ፣ ስለ ክብርና ስለ ወጣቱ ነጻነት

ባህላዊ የእጅ ሙያዎችን፣ ማለትም ሽመናን፣ ሸክላ ሥራን፣ ብረት ቅጥቀጣን፣ ብራና ፍቀትንና ቁም ጽሕፈትን ለወጣቶች ማስተማር ተገቢ መሆኑን የሚክድ ሰው ዛሬ እምብዛም አይገኝም። ለዚህ የሚሰጠው ምክንያትም ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ ሙያው ከአባቶች የተላለፈ ቅርስ በመሆኑ፣ ባለሙያዎቹም እያረጁ በመሄዳቸውና ተተኪ ካልተገኘ ዕውቀቱ ከእነርሱ ጋር ወደ መቃብር ስለሚወርድ፣ ወጣቱ ተረክቦ ሊያቆየው ይገባል ይባላል። ይህ ምክንያት ቅን ነው፤ ነገር ግን የሙያውን መቀጠል ዓላማ፣ ወጣቱን ደግሞ የዚያ ዓላማ ማስፈጸሚያ አድርጎ የሚያስቀምጥ መሆኑ ብዙ ጊዜ ልብ አይባልም። ሙያውን የሚማረው ሰው ራሱ ምን ያገኝበታል፣ ከሙያው ጋር አብሮ የሚወርሰውስ ክብር ነው ወይስ ንቀት፣ አልፈልግም የማለት መብትስ አለው ወይ የሚሉት ጥያቄዎች ሳይነሡ ይቀራሉ። የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ በሃይማኖትም በፍልስፍናም በኩል ሲፈለግ የሚደረስበት መደምደሚያ የተለመደውን ቅደም ተከተል የሚገለብጥ ነው፤ ሙያ በቅድሚያ የሚሰጠው ለተማሪው ለራሱ ሲባል ሲሆን፣ የቅርሱ መጠበቅ ከዚያ የሚከተል ፍሬ ነው።

የእጅ ሙያ ከየት እንደ መጣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በቀኖናዋ፣ ማለትም እንደ ቅዱሳት መጻሕፍት በተቀበለቻቸው መጻሕፍት ውስጥ፣ ሁለት የሚቃረኑ የሚመስሉ ትረካዎችን ጎን ለጎን ይዛ ትገኛለች። አንደኛው በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31 እና 35 የተጻፈው ነው። በዚያ መሠረት የመገናኛው ድንኳን በሚሠራበት ጊዜ እግዚአብሔር ከይሁዳ ነገድ ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ፣ በወርቅ፣ በብርና በናስ እንዲሠራ፣ ዕንቁ እንዲቀርጽና እንጨት እንዲጠርብ በመንፈሱ ሞላው፤ ከዳን ነገድ የሆነውን ኤልያብንም ረዳት አድርጎ ሰጠው። እንዲህ የተባለለት ሰው ነቢይም ካህንም ሳይሆን ባለ እጅ መሆኑ ሊስተዋል ይገባል። የምዕራፍ 35 ቁጥር 34 ደግሞ ለሁለቱም የማስተማር ችሎታ በልባቸው እንደ ተሰጠ ይጨምራል፤ እንግዲህ በዚህ ትረካ ማስተማር ራሱ የሙያው ጸጋ አንድ ክፍል ሆኖ ተቆጥሯል ማለት ነው።

ሁለተኛው ትረካ በመጽሐፈ ሄኖክ ይገኛል። የዚህ መጽሐፍ ምዕራፍ 8 ከወደቁት መላእክት አንዱ የሆነው አዛዝኤል ለሰው ልጆች ሰይፍና ቢላዋ፣ ጋሻና ጥሩር መሥራትን፣ የእጅ አምባርንና ጌጣጌጥን፣ ኩልንና ልዩ ልዩ ቀለማትን እንዳስተማረ፣ በዚህም ዓመፅ እንደ በዛ ይተርካል፤ ምዕራፍ 69 ደግሞ በቀለም መጻፍን ሳይቀር ከእነዚያው መላእክት አንዱ ለሰው እንዳሳየና ብዙዎች በዚያ እንደ ሳቱ ይናገራል። ይሁን እንጂ ይህ ቀለምን የሚነቅፍ መጽሐፍ ሙሉ ይዘቱን ጠብቆ ለዓለም የደረሰው በግእዝ ብቻ ሲሆን፣ ያደረሱትም ቀለም እየበጠበጡ፣ ብራና እየፋቁ ከትውልድ ወደ ትውልድ የገለበጡት የኢትዮጵያ ቁም ጸሐፊዎች ናቸው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ይዞ እስኪገባ ድረስ በዚያ ሙሉው መጽሐፍ እንደ ጠፋ ይታሰብ ነበር።

ሁለቱ ትረካዎች የሚለያዩበት ጉዳይ የሙያው አጠቃቀም ነው ብሎ መተርጎም ይቻላል። ዘፍጥረት ምዕራፍ 4 የናስና የብረት ሥራ አባት የሆነውን ቱባልቃይንን ከቃየን ዘር ቢቆጥረውም፣ ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 2 ሰይፍ ማረሻ፣ ጦርም ማጭድ የሚሆንበትን ዘመን ሲያመለክት፣ ያንን ለውጥ በእጁ የሚፈጽመው ያው ቀጥቃጭ ነው። ብረት ማቅለጥን የሚያውቅ እጅ ለሰላምም ለጦርነትም እኩል ስለሚያገለግል፣ ሙያን የሚያስተምር ሰው ምን እንደሚሠራ ብቻ ሳይሆን ለምንና ለማን እንደሚሠራም ማስተማሩ የማይቀር ነው። ሙያ ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው የሥነ ምግባር ጉዳይ ነው።

በሕዝቡ ኑሮ ግን ሥር የሰደደው የባስልኤል ትረካ አልሆነም። ርስት፣ ማለትም በዘር የሚወረስ የመሬት መብት፣ የክብር መለኪያ በነበረበት ዘመን መሬት የሌለው በእጁ ሠርቶ ያድር፣ በእጁ ሠርቶ የሚያድረውም ሥር እንደሌለው ሰው ይናቅ ነበር። ቀጥቃጩ ማረሻውን፣ ፋቂው አቁማዳውን፣ ሸክላ ሠሪዋ ምጣዱንና እንስራውን እያቀረቡ የገበሬውን ቤት ሲያቆሙ፣ ገበሬው በጋብቻ አይቀላቀላቸውም፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ፣ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ እያለም በቡዳነት ይጠረጥራቸው ነበር። በጎንደርና በአካባቢው የኖረው የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ታሪክ ለዚህ ዋና ምስክር ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ይስሐቅ ዘመን ርስቱን እንዳጣ በትውፊት የሚነገርለት ይህ ማኅበረሰብ በቅጥቀጣ፣ በሸክላ፣ በሽመናና በግንበኝነት ሲተዳደር ኖሯል፤ ለጎንደር ነገሥታት ሕንፃዎች እጁን ያዋጣ ሆኖ ሳለ ግን ከቡዳነት ሐሜት አላመለጠም።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ያወጡት አዋጅ ይህንን ንቀት ፊት ለፊት የተቃወመ ነበር። አዋጁ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ጸሐፊውንና ሌላውንም ሠራተኛ በሥራው ምክንያት መሳደብን ሲከለክል የሰጠው ምክንያት ሃይማኖታዊ ነው፤ ሰው ሁሉ የአንድ አዳምና የአንዲት ሔዋን ልጅ መሆኑን ያስታውሳል። በቅዱሳት መጻሕፍት ላይ የሚደክመው ጸሐፊ ራሱ ጠንቋይ እየተባለ ከተሰዳቢዎቹ ተርታ መገኘቱ፣ ንቀቱ ከአንድ ጎሳ ወይም ከአንድ እምነት አልፎ የእጅ ሥራን በጠቅላላ የሚመለከት እንደ ነበር ያሳያል። ነገር ግን አዋጅ ስድብን ከአደባባይ ቢያስወግድም ከጋብቻ ምርጫና ከጉርብትና ሊያስወግደው አይችልም። ዛሬ «ቅርስ» የሚለው ስያሜ ዕቃውን ከፍ ከፍ ሲያደርግ ባለ እጁን በነበረበት ሊተወው ይችላል፤ ባለ ጥለቱን ቀሚስ ለሠርጓ በኩራት የምትለብስ ሙሽራ ቤተሰቦች፣ ልጃቸው የሸማኔውን ልጅ ላግባ ብትል ምን እንደሚሉ መጠየቅ የዚህን ስያሜ ትክክለኛ ክብደት ለመለካት ይበቃል።

ዕቃውን አክብሮ ባለሙያውን መተው በሥነ ምግባር ብቻ ሳይሆን በዕውቀት ባሕርይም በኩል የማያዋጣ ነው። አርስቶትል ለኒቆማኮስ በተሰየመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል፣ ሰው ግንባታን በመገንባት፣ በገና መደርደርንም በመደርደር እንደሚማር ካስረዳ በኋላ፣ ፍትሐዊነትና ጀግንነትም በዚያው መንገድ በልምምድ እንደሚገኙ ያስተምራል። በትውልድ ሀንጋሪያዊ የሆነው ፈላስፋ ሚካኤል ፖላኒም እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከሰው ዕውቀት ሰፊው ክፍል በቃል ተዘርዝሮ ሊወጣ የማይችል መሆኑን አብራርቷል። ይህ በቃል የማይወጣ ዕውቀት የሚባለው፣ ሰው እያደረገው እንዴት እንደሚያደርገው ግን ሙሉ በሙሉ ሊናገረው የማይችለው ችሎታ ነው።

የብራና ሥራ ይህንን በቅርብ ያሳያል። የፍየል ቆዳ ለቀናት ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ከቆየ በኋላ ዳር ዳሩ ተበስቶ በገመድ ከእንጨት መወጠሪያ ላይ ይወጠራል፤ በሥጋው በኩል ያለው ስብ በቢላዋ ይገፈፋል፣ በሻካራ ድንጋይ ይታሻል፤ በሌላው በኩል ያለው ጠጉርም ተፍቆ ቆዳው እንደ ተወጠረ ይደርቃል። እስከዚህ ያለው ሁሉ በጽሑፍ ሊሰፍር ይችላል። ስለቱ ምን ያህል ጋደል ማለት እንዳለበት፣ ቆዳው በየትኛው ቦታ በቂ እንደ ሳሳና አንድ ፍቀት ቢጨመር እንደሚበሳ የሚያውቀው ግን የባለሙያው አንጓ ነው። በውጥረት ላይ ያለ ቆዳ አንዴ ከተበሳ ቀዳዳው ወዲያው ስለሚሰፋ፣ ጀማሪው ልኩን የሚያገኘው ጥቂት ቆዳዎችን ካበላሸ በኋላ ነው። በየገዳማቱ በሚገኙ የብራና መጻሕፍት ላይ የተሰፋ ቀዳዳና ቀዳዳውን እየዞረ የሚያልፍ ጽሑፍ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው። ከጥላሸትና ከተቆላ እህል ተቀምሞ ለወራት የሚብላላው ጥቁር ቀለም፣ ለእግዚአብሔር፣ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስሞች የሚጠበቀው ቀይ ቀለም፣ ከመቃ የሚቀረጸው ብርዕ፣ ከዋንዛ ወይም ከሌላ እንጨት የሚጠረበው ገበታ፣ በላዩ የሚለብሰው ድጉስ፣ ማለትም ሐረግ የታተመበት ቆዳ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ልክ አላቸው። ይህንን ሁሉ ተማሪው በአብነት ትምህርት ቤት፣ ማለትም መምህሩን አብነት አድርጎ በሚማርበት ጉባኤ፣ ከንባቡና ከዜማው ጎን ለጎን እያየና እየታረመ ሲቀስመው ኖሯል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ሙያ በሙዚየም ወይም በፊልም ሊጠበቅ አለመቻሉ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም መነሣታቸው የመጻሕፍቱን ቃል ከጥፋት ያዳነ ታላቅ ሥራ ቢሆንም፣ አንድም ቁም ጸሐፊ ሊፈጥር አይችልም፤ የተለየ ዓላማም ነበረው። በተቃራኒው ጃፓን ውስጥ በኢሴ የሚገኘው ቤተ መቅደስ በየ20 ዓመቱ በአዲስ እንጨት እንደገና ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈጸመው 62ኛው ሲሆን፣ እንጨቱ አዲስ ቢሆንም ሥርዓቱ ከ1,300 ዓመታት በፊት የተጀመረ ነው። በዚያ አስተሳሰብ ጥንታዊ የሚባለው ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈው አሠራር ነው፤ የ20 ዓመቱ ልክም አንድ አናጢ በወጣትነቱ ረዳት፣ በጉልምስናው ዋና ሠራተኛ፣ በእርጅናው አስተማሪ ሆኖ እንዲገኝ ዕድል ይሰጣል። የጃፓን መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ1950 ባወጣው የቅርስ ሕግ ከሕንፃና ከዕቃ ባሻገር የማይዳሰሰውን ዕውቀት ከቅርስ ቆጥሮ፣ ዕውቀቱን የተሸከሙትን ሰዎች ለመደገፍና ተተኪ እንዲያሠለጥኑ ለማድረግ መሠረት ጥሏል።

ቅርሱ ያለው በሰው ውስጥ ከሆነ ግን ከባዱ የፍትሕ ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው፤ ያ ሰው ማን ይሁን? አማኑኤል ካንት ሰው ምንጊዜም በራሱ ዓላማ ሆኖ እንዲታይ እንጂ የሌላ ዓላማ መሣሪያ ብቻ ተደርጎ እንዳይያዝ ያስተማረው መርሕ፣ በቅርስ ስም ለሚደረግ ጥሪም ይሠራል። ልጁን ሐኪም ወይም የኮምፒውተር ባለሙያ ለማድረግ የሚደክም ከተሜ፣ የሸማኔው ልጅ ሸማኔ ሆኖ እንዲቀር ቢመኝ፣ የሁሉም የሆነውን ቅርስ የመሸከም ዕዳ በድሃው ልጅ ላይ ብቻ መጫኑ ነው። ይህ በሐሳብ ብቻ ያለ ስጋት አይደለም። ሽመና በስፋት ከሚታወቅባቸው የጋሞ ደጋማ አካባቢዎች፣ ከዶርዜና ከጨንቻ፣ ብዙ ሸማኔዎች ወደ አዲስ አበባ ፈልሰው በሽሮ ሜዳና በአካባቢው ሲሠሩ ኖረዋል፤ የሀገሪቱን የሀበሻ ልብስ በጥለቱ ያስዋቡት እነርሱ መሆናቸው የማይካድ ነው። ከዚሁ ጋር ግን ሙያ ትማራለህ ተብለው ከወላጆቻቸው ተለይተው የመጡ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ርቀው ከሸማ ጉድጓድ ውስጥ ረጅም ሰዓት ሲሠሩ መገኘታቸው በተደጋጋሚ የታየ ችግር ነው።

ይህ ዓይነቱ ሁኔታ ማስተማርና መበዝበዝ ከውጭ ሲታዩ ሊመሳሰሉ እንደሚችሉ ያስገነዝባል። በሁለቱም ልጁ ከእንዝርት የወረደውን ፈትል በቀሰም ላይ ሲያጠነጥን፣ ቀጥሎ ድሩን ሲያደራ፣ ከዚያም መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ ሲወረውር ይታያል። ልዩነቱ የሚታወቀው ልጁ ማጠንጠኑን ካወቀ በኋላ ወደ ሜዳው ሽመና፣ ከሜዳው ወደ ጥለቱ እንዲያልፍ ይደረጋል ወይስ ጌታው ስለሚጠቀምበት ብቻ ለዓመታት ከማጠንጠን ሳይወጣ ይቀራል በሚለው ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን ከጉልበት ብዝበዛ ሲጠብቅ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ቅርስን የመጠበቅ ግዴታ ከእነዚህ ድንጋጌዎች በላይ ሆኖ ሊቆም አይችልም።

የሃይማኖት ትውፊቶች ሙያን ማስተማርን እንደ ግዴታ ሲያስቀምጡ የሰጡት ምክንያት በዚህ ረገድ እጅግ ጠቃሚ ነው። የአይሁድ ሊቃውንት የሕግና የትርጓሜ ስብስብ የሆነው ታልሙድ፣ ቂዱሺን በተባለው ክፍሉ፣ አባት ለልጁ ካለበት ዕዳ መካከል ኦሪትን ከማስተማር ጋር ሙያ ማስተማርን ይቆጥራል፤ ረቢ ይሁዳ ደግሞ ልጁን ሙያ ያላስተማረ አባት ሌብነትን እንዳስተማረው ይቆጠራል ብለዋል። በእስልምናም ነቢዩ ዳዊት ብረት እንደ ተገራለትና ጥሩር መሥራትን ከአላህ እንደ ተማረ ቁርኣን ሲናገር፣ በቡኻሪ የሐዲስ ስብስብ ደግሞ ሰው በእጁ ሠርቶ ከሚበላው የተሻለ ምግብ እንደሌለ፣ ዳዊትም ከእጁ ሥራ ይበላ እንደ ነበር ተዘግቧል። በሁለቱም ትውፊት የጥቅሙ ተቀባይ ሠራተኛው ነው፤ ልጁ ሙያ የሚማረው ሙያው እንዳይሞት ተብሎ ሳይሆን ልጁ ራሱ ሳይሰርቅና ሳይለምን በክብር እንዲኖር ነው። በዘጸአትም ቢሆን ወደ ድንኳኑ ሥራ የቀረቡት ልባቸው ያነሣሣቸው ሰዎች እንደ ነበሩ ምዕራፍ 36 ይመሰክራል፤ ጸጋው ከነጻ ፈቃድ ጋር ነበር።

በኢትዮጵያ ቀኖና ውስጥ የሚገኘው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ይህንን ሐሳብ ወደ ጥልቁ ይወስደዋል። ጠቢቡ ቀጥቃጩን በእሳቱ ወላፈን ሥጋው ሲቀልጥ፣ መዶሻው በጆሮው ሲያስተጋባ፣ ሸክላ ሠሪውንም በእግሩ መንኰራኵሩን ሲያሽከረክር ከገለጸ በኋላ፣ እነዚህ ሰዎች በሸንጎ ባይቀመጡም፣ ያለ እነርሱ ከተማ እንደማይቆም፣ ጸሎታቸውም በሥራቸው ውስጥ እንደ ሆነ ያስተምራል። ሲራክ ለሕግ ሊቁ የበለጠ ክብር መስጠቱ እርግጥ ነው፤ ሆኖም ሥራን ጸሎት ብሎ መጥራቱ፣ ሙያ የባለሙያውን ነፍስ የሚቀርጽ ተግባር መሆኑን መመስከር ነው። ትዕግሥት፣ ልክን ማወቅ፣ ስሕተትን ሳይደብቁ ማረምና ለማያዩት ተጠቃሚ ሐቀኛ ሆኖ መሥራት ብራናም ሸማም የሚያስተምሯቸው ምግባሮች ናቸው። ስለሆነም ወጣቱ በመጨረሻ ሌላ የኑሮ መንገድ ቢመርጥ እንኳ ትምህርቱ ባክኗል ሊባል አይችልም።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ከተስተካከለ ማን ሊማር ይገባዋል የሚለውም ይሰፋል። ሙያ በደም የሚወረስ ተደርጎ ሲታይ የባለሙያው ልጅ ሊሸሸው አይችልም፤ የሌላው ልጅም ሊቀርበው አይችልም። የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ አብዛኛው ክፍል፣ በተለይ እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች፣ ወደ እስራኤል ከሄደ በኋላ ከጎንደር ከተማ አጠገብ በምትገኘው ወለቃ የሸክላ ሥራው በሌሎች ሴቶች እጅ መቀጠሉ፣ ዕውቀት ከዘር ሰንሰለት ወጥቶም ሊኖር እንደሚችል ያሳያል። መፍተል የሴት፣ መሸመን የወንድ፣ ሸክላ የሴት የሚለው ክፍፍልም እንዲሁ የኖረ ልማድ ነው እንጂ የሙያው ባሕርይ አያስገድደውም። ሙያው ለፈለገው ሁሉ ሲከፈት የቡዳነት አጥር አብሮ ይፈርሳል፤ የገበሬው፣ የነጋዴውና የካህኑ ልጅ ከቀጥቃጩ ልጅ ጋር በአንድ ወናፍ ሲሠሩ፣ ቀጥቃጭነት የዘር ስም መሆኑ ቀርቶ የችሎታ ስም ይሆናል።

በዚህ ላይ ሙያው ከተለወጠ ቅርስነቱ ይቀራል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2003 በዩኔስኮ የጸደቀውና ኢትዮጵያ በ2006 የተቀበለችው የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች ስምምነት ባህላዊ የእጅ ሙያን ከአምስቱ የቅርስ ዘርፎች አንዱ አድርጎ ሲዘረዝር፣ ማኅበረሰቦች ከአካባቢያቸውና ከታሪካቸው ጋር እያስማሙ ሁልጊዜ እንደገና የሚፈጥሩት መሆኑንም በትርጉሙ ውስጥ አካትቷል። ሸማኔው በፋብሪካ ፈትል ድር ማድራቱ ወይም አዲስ ጥለት መፍጠሩ ሙያውን አይገድለውም፤ የሚገድለው የእጁን ጥለት በማተሚያ ጨርቅ ላይ አስመስሎ በርካሽ የሚሸጥ ገበያና ልዩነቱን ለማወቅ የማይጨነቅ ገዢ ነው። በዚህም ምክንያት ቅርሱን የመጠበቅ ግዴታ በአብዛኛው የሚያርፈው በወጣቱ ላይ ሳይሆን በለባሹ፣ በገዢው፣ በአብያተ ክርስቲያናትና በመንግሥት ላይ ነው። መጽሐፍ የሚያስጽፍ ደብር ለቁም ጸሐፊው የድካሙን ዋጋ ሳይከፍል፣ ጽሕፈት እየጠፋ ነው ብሎ ማዘን አይገባውም።

ከእነዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ ጥብቅ ነው። ወጣቱ ፊደል ሳይጓደልበት፣ በቂ ዋጋ በሚያገኝበት፣ በማይናቅበትና ሲፈልግ ሊተወው በሚችልበት ሁኔታ ሙያ ሲማር፣ ትምህርቱ በዘጸአት እንደ ተገለጸው ጸጋ ይሆናል። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል፣ የሚተላለፈው ሙያ ምንም ያህል ጥንታዊ ቢሆን፣ አብሮ የሚተላለፈው የቆየው በደል ነው። ሁኔታዎቹ ተሟልተው ሳለ አንድ ሙያ ፈላጊ አጥቶ ቢቀር፣ ትውልዱ አውቆና መርጦ የተወው ስለሆነ ሊታዘንለት ይገባል እንጂ ማንም ሊከሰስበት አይገባም። በኢትዮጵያ የእጅ ሙያዎች ላይ እስካሁን የደረሰው ግን በአመዛኙ እንዲህ ያለ ነጻ ምርጫ አልነበረም፤ ልጆች ከአባታቸው ሙያ የሸሹት ሙያውን ጠልተው ሳይሆን ስድቡን ሸሽተው ነው። ስለዚህ ቅርስን ለማዳን የሚነሣ ማንኛውም የትምህርት ዕቅድ ከመጀመሪያው የሥልጠና ቀን በፊት ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ዕቅዱን ያወጡት ሰዎች የራሳቸውን ልጅ እዚያ ያስመዘግባሉ ወይ? መልሱ አዎን እስኪሆን ድረስ ሥራው የሚጀመረው በአዋቂዎቹ ነው።